ቲንክፓድ ቲ480 ወይስ ማክቡክ ኤር ኤም1፦ በባትሪ ቆይታ ረገድ የተደረገ ንጽጽር

ዩኒክስ መሰል ሥርዓት የሚሠራበት ያገለገለ ላፕቶፕ ለሚፈልግ ገዢ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ቲንክፓድ ቲ480 ከሊኑክስ ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ማክቡክ ኤር ኤም1 ደግሞ ከማክኦኤስ ጋር ጥሩ አማራጮች ናቸው፤ በኃይል አጠቃቀም ግን እጅግ ይለያያሉ።

የማክቡኩ ባትሪ 49.9 ዋት-ሰዓት ብቻ ነው። ይሁንና ቺፑንም ሥርዓቱንም አንድ ኩባንያ ስለሚያዘጋጃቸውና ቀላል ሥራ ኃይል ቆጣቢ ወደሆኑት ኮሮች (የቺፑ የስሌት ክፍሎች) ስለሚመራ፣ አፕል ለኢንተርኔት አሰሳ እስከ 15 ሰዓት እንደሚቆይ ይገልጻል፤ ይህም በአማካይ 3.3 ዋት ገደማ ይወስዳል ማለት ነው። ክዳኑ ተዘግቶ ቢያድር እንኳ ቻርጁ እምብዛም አይቀንስም።

ቲ480 በቁጠባ አይፎካከረውም፤ ብልጫው ሌላ ነው። በውስጡ ካለው የ24 ዋት-ሰዓት ባትሪ በተጨማሪ ከኋላ የሚነቀል 24፣ 48 ወይም 72 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ሁለተኛ ባትሪ አለው። ማሽኑ 8 ዋት ቢወስድ፣ ባትሪዎቹ አዲስ ሲሆኑ ትንሹ ጥምረት 6 ሰዓት፣ ትልቁ ግን 12 ሰዓት ያሠራል። ስለዚህ ሻጩ «ባትሪው ጥሩ ነው» ቢልም፣ ገዢው ማሽኑን ገልብጦ በኋላው ባትሪ ላይ የተጻፈውን ዋት-ሰዓት ማንበብ ይኖርበታል። ውስጠኛው ባትሪ ኃይል እየሰጠ የኋላውን ሳያጠፉ መቀየር ስለሚቻል፣ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚሠራ ሰው እኔ የምመክረው ይህንኑ ከትርፍ ባትሪ ጋር ነው። የማክቡኩ ባትሪ ግን በማጣበቂያ የተያዘ በመሆኑ ሲደክም ወደ ጠጋኝ መሄድ ግድ ይላል።

ሊኑክስ በተጫነበት ቲ480 ቲኤልፒ የተባለውን የኃይል መቆጣጠሪያ ፕሮግራም አስገብቶ ቻርጁ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም ማድረግ የባትሪውን ዕድሜ ያራዝማል፤ ቲኤልፒን ግን ከሌላ የኃይል መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ጋር ጎን ለጎን ማሠራት አይገባም፣ አንዱ ያስተካከለውን ሌላው ይሽርበታልና። የኤንቪዲያ ግራፊክስ የተጨመረበትን ዓይነት፣ ለሥራው የግድ ካላስፈለገ በቀር፣ መተው ይሻላል።

በማክቡኩ ላይ አሳሂ ሊኑክስን (ለአፕል ቺፖች የተዘጋጀ ሊኑክስ) ለመጫን የሚያስብ ካለ፣ ክዳኑ ተዘግቶ ሳለ የሚባክነው ኃይል ከማክኦኤስ እንደሚበልጥ አውቆ ይግባበት።

ከመክፈል በፊት በቲ480 ላይ «ዩፓወር» በተባለው ትእዛዝ ባትሪው አሁን የሚይዘውን አዲስ ሳለ ከሚይዘው ጋር ማስተያየት ይቻላል፤ ይህም ለሁለቱም ባትሪዎች ለየብቻ መታየት አለበት። በማክቡኩ ደግሞ በሲስተም ሪፖርት ውስጥ የቻርጅ ዑደቱ ቁጥር፣ ማለትም የባትሪው ሙሉ አቅም ያህል ኃይል ስንት ጊዜ ጥቅም ላይ እንደዋለ፣ ይገኛል፤ አፕል ለዚህ ሞዴል ያስቀመጠው ገደብ 1000 ስለሆነ፣ ወደዚያ የተጠጋ ማሽን ሲገኝ የአዲስ ባትሪ ወጪ ከዋጋው ላይ እንዲቀነስ መደራደር ተገቢ ነው።