ትልቅ ያት ላይ የውድድር ስልጠና፦ ለአዲስ ቡድን ያዋጣል ወይ?

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ፣ አንዷ የት እንደሄደች ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ አዲስ ትልቅ ባለ ሸራ ያት ስትረከቡ አሰልጣኞቹ ራሳቸው መጥተው ከሙሉ ቡድናችሁ ጋ ባህር ይወጣሉ፣ አንዷ ጀልባው ላይ ከናንተ ጋ ትሆናለች፣ ሌላው በሞተር ጀልባ ከጎን እየተከተለ በቪዲዮ ይቀርፃል፣ ወደብ ስትመለሱ ደግሞ ቁጭ ብሎ ቪዲዮውን ማየት አለ፣ በቃ አገልግሎቱ ይሄ ነው። የኛ ጀልባ 70 ጫማ ነው፣ 21 ሜትር ገደማ በሉት፣ ምሰሶውም ሸራውም ካርቦን፣ ቡድኑ ግን አብዛኛው ከ40 ጫማ በታች ባሉ ጀልባዎች ሲወዳደር የኖረ ሰው ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ተመሳሳይ ነገር ለምትፈልጉ ሰዎች ሚጠቅማችሁ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ማወቁ ነው።

መጀመሪያ ሰዉን ያናደደው ወደብ ላይ ታስረን መቆየታችን ነው። ሸራ ሳይከፈት ዊንች ላይ (ገመድ ሚወጠርበት ከበሮ መሰል ማሽን ነው) ገመድ መጠቅለል፣ ማላላት፣ መልሶ መጠቅለል። ስንት ዓመት የተወዳደረ ሰው ይሄን ይማራል እንዴ ብሎ ያጉረመረመ ሁሉ ነበር። ምክንያቱ የገባን ነፋሱ ሲመጣ ነው። ትንሽ ጀልባ ላይ የሸራውን ገመድ በእጅህ ጎትተህ ታስተካክለዋለህ፣ እዚህ ግን ጭነቱ በቶን ነው ሚቆጠረው፣ ዊንቹ ላይ ገመድ ካመለጠ ጣት ይዞ ነው ሚሄደው። ህጎቹ ቀላል ናቸው ግን ቀልድ አያውቁም። ገመድ ሁሌም በሰዓት አቅጣጫ ይጠቀለላል፣ ጭነት ያለበትን ስታላላ አውራ ጣትህን አርቀህ በመዳፍህ እየተጫንክ ነው፣ የተጠቀለለ ገመድ መሃል እግር አይገባም፣ የተወጠረ ገመድ በታጠፈበት በውስጠኛው በኩል ደግሞ ማንም አይቆምም ምክንያቱም ገመዱን ያጠፈው ብሎክ፣ ገመድ ሚዞርበት መዘውር ማለት ነው፣ ቢነቀል ሚወረወረው ወደዛ ነው። ዋናዋ አሰልጣኝ እዛ ቦታ የቆመ ሰው ባየች ቁጥር ምንም አትናገርም፣ ትከሻውን ይዛ ታነሳውና ትሄዳለች። ወደድኳት።

ለኔ ግን ስልጠናው እውነት ዋጋ ያወጣው ወሬ ላይ ነው። ከዛ በፊት ጀልባው የገበያ ቀን ነበር ሚመስለው፣ ሁሉም ይጮሃል፣ ማን ለማን እንደሚጮህ ግን አይታወቅም። 70 ጫማ ላይ ደግሞ ፊት አፍንጫው ላይ ያለው ባውማንና ኋላ መሪውን የያዘው ሰው በጣም ስለሚራራቁ ነፋስ ባለበት ብትጮህም አይሰማም። ያደረጉት ነገር ምን መሰላችሁ፣ ባውማኑ በእጅ ምልክት ብቻ ነው ሚያወራው፣ መልእክቱን መሃል ሆኖ ከምሰሶው ሚመጡትን ገመዶች ሚቆጣጠረው የፒት ሰው ተቀብሎ ወደ ኋላ ያስተላልፋል። ጠርዝ ላይ እግራቸውን ወደ ውጭ አውጥተው ከተቀመጡት አንድ ሰው ብቻ ሚመጣውን ነፋስ ይቆጥራል፣ «ግፊት በ3፣ በ2፣ በ1» እያለ። መሪውን የያዘውና ሸራ ሚያስተካክለው ትሪመር በዝቅተኛ ድምፅ ያለማቋረጥ ያወራሉ፣ ጀልባው ከበደ፣ ቀለለ፣ ትንሽ ልልቀቅልህ ምናምን፣ ሌላው ሰው ዝም። ዙር ልንቀይር ስንል ደግሞ «ዝግጁ ናችሁ?» ሚባል ነገር ቀረ፣ ሚጠየቀው «ያልተዘጋጀ አለ?» ነው። ዝምታ ማለት እንሂድ ማለት ነው። ቀላል ነገር ይመስላል ግን በቪዲዮው ላይ ልዩነቱ በግልፅ ይታያል፣ ያው ሰው፣ ያው ጀልባ፣ መደናበሩ ግን የለም።

ነፋስን ፊት ለፊት አቋርጦ መዞር፣ ታክ ሚባለው ላይ ብዙ ጊዜ አጠፋን፣ ማጥፋትም ነበረብን። ትንሽ ጀልባ ነፋሱ ትንሽ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር ቢዞር ብዙ አይጎዳም፣ ትልቁ ግን ሲዞር ያጣውን ፍጥነት እስኪመልስ ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚህ መቼ እንደምንዞር ሚወስነው ታክቲሺያን ራሱ እንደ አዲስ ማሰብ አለበት፣ ለትንሿ የነፋስ ለውጥ ሁሉ መዞር ኪሳራ ነው። ከዞሩ በኋላ ወዲያው ወደ ነፋሱ መጠጋትም ክልክል ነው፣ መጀመሪያ ከነፋሱ ትንሽ ራቅ ብሎ ሸራውን ላላ አድርጎ ፍጥነት ማግኘት፣ ከዛ ጀልባው ሲፈጥን እኩል እየሰበሰቡ መውጣት። ነፋስ ከኋላ ሆኖ ስንዞር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የኛ ጀልባ ምሰሶውን ከኋላ ሚይዝ ቋሚ ገመድ የለውም፣ ራነር ሚባሉ ሁለት ገመዶች ናቸው ያሉት፣ ከሁለቱ አንዱ ነው ሚወጠረው። ዋናው ሸራ ወደ ሌላው ጎን ተሻግሮ ጭነት ሳይዝ በፊት አዲሱ ራነር መወጠር አለበት፣ ካልሆነ ምሰሶው ሊወድቅ ይችላል። ራነር ላይ ሚመደበው ሰው ያን ሰዓት ሌላ ስራ እንዳይሰጠው ብለው ደጋግመው ነገሩን፣ ትክክል ናቸው።

ስፒናከር ማውረድ ስልጠናው ውስጥ ምርጡ ክፍል ነበር። ትልቁን የፊት ሸራ ኃይለኛ ነፋስ ውስጥ ውሃ ሳያስነኩ ማስገባት ከባድ ነው፣ ውሃ ከገባበት ጀልባውን ያቆመዋል ወይ ይቀደዳል። እነሱ ያስተማሩን ሌተርቦክስ ሚባለውን ነው፣ ስራ ላይ ያልሆነውን የስፒናከር ገመድ በዋናው ሸራ ግርጌና ከስሩ ባለው አግድም ዘንግ፣ ቡም ሚባለው፣ መሃል ባለው ክፍተት አሳልፈህ ትጎትተዋለህ፣ ሸራው በዛች ቀዳዳ ገብቶ በቀጥታ በደረጃው ወደ ውስጥ ይወርዳል። ቅደም ተከተሉ ነው ሁሉ ነገር፣ መጀመሪያ ሰዎቹ ገመዱን በደንብ ይይዛሉ፣ ከዛ የፊቱ ጫፍ ይለቀቃል፣ ሸራው ከዋናው ሸራ ጀርባ ተከልሎ ኃይሉን ሲያጣ ብቻ ከላይ ሚይዘው ሃልያርድ ይለቀቃል። ሃልያርዱ ከቀደመ ሸራው ባህር ውስጥ ነው። ወደብ ላይ በቀስታ፣ ከዛ በቀላል ነፋስ፣ ከዛ በ18 ኖት (በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነፋስ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ማስተማራቸው ጎበዝ ያስብላቸዋል።

አጀማመር ላይ ደህና ናቸው። ምልክቱ ለሁሉም ጀልባ ያው ነው፣ 5 ደቂቃ፣ 4 ደቂቃ፣ 1 ደቂቃ፣ ዜሮ፣ ግን ትልቁ ጀልባ ቶሎ አይፈጥንም፣ መስመሩን ቀድሞ ካለፈ ደግሞ ተመልሶ መጀመሩ ብዙ ያስከፍላል። ባውማኑ ስንት የጀልባ ርዝመት እንደቀረ በጣቱ ያሳያል። ህግ ሲያስተምሩ ሁሌ ሚያነሱት የ2017ቱን (እ.ኤ.አ.) ሲድኒ ሆባርት፣ የአውስትራሊያውን ረጅም የባህር ውድድር ነው፣ ዋይልድ ኦትስ 11 ሚባለው ያት በ26 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ገብቶ ሳለ ገና ከመነሻው ብዙም ሳይርቅ ነፋስ ከቀኝ ይዞ ለሚመጣው ተፎካካሪ ያት ኮማንቼ ቅድሚያ ስላልሰጠ 1 ሰዓት ተቀጣና ድሉ ለኮማንቼ ሆነ፣ 1 ቀን ከ9 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ፣ ሪከርድ። 628 ኖቲካል ማይል ተሮጦ መጀመሪያ ላይ በተሰራ ነገር ማለቅ! ከዛ በኋላ የህግ መፅሐፉን ያላነበበ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ተቀነሰችው ኮከብ። ስክሪን በዛብኝ። የፍጥነት ሰንጠረዡ፣ ፖላር ሚሉት፣ በዚህ ነፋስ በዚህ ማዕዘን ይሄን ያህል ኖት መሄድ አለብህ ሚለው፣ ጠቃሚ ነው አልክድም፣ ግን ሰዉ ሁሉ አንገቱን ወደ ቁጥሩ ቀስሮ ሸራውን ሚያይ ጠፋ፣ አሰልጣኞቹም አላስቆሙትም። የመጨረሻው ሪፖርትም ዘግይቶ ነው የመጣው፣ ሲመጣም ግማሹ ግራፍ። ከዛ በላይ የከፋኝ ግን የሌሊት ጉዞ፣ ሸራ በማዕበል መቀነስና ባህር ውስጥ የወደቀ ሰው ማውጣት ላይ የተሰጠው ጊዜ ማነሱ ነው፣ ነካ ነካ አድርገው አለፉት። ረጅም ውድድር ለሚያስብ ቡድን ይሄ ትርፍ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 ፋስትኔት ሚባለው የእንግሊዝ የባህር ውድድር ላይ 15 ተወዳዳሪዎች ሞተዋል፣ በ1998 ሲድኒ ሆባርት ላይ 6። የደህንነት ህጎቹ የጠበቁት በእንደነዚህ አይነት ነገሮች ነው፣ ታድያ ሰው ማውጣትን በፀጥታ ውሃ በቀን ብርሃን ሞክሮ አለቀ ማለት ምንድነው?

ወደብ አካባቢ በቡይ (ውሃ ላይ ሚንሳፈፍ ምልክት) ዙሪያ ለምትወዳደሩ ግን ዝም ብላችሁ ውሰዱት። ከመፈራረማችሁ በፊት ቪዲዮውና ዳታው ለማን እንደሚቀር ጠይቁ፣ የሌሊት ክፍለ ጊዜም በፅሁፍ ይግባ በሉ። ደግሞ ተጠባባቂዎቻችሁን አትተዉ። ትልቅ ጀልባ ከ15 ሰው በላይ ይፈልጋል፣ ሁሌም አንድ ሁለቱ ይቀራል፣ እና ያልሰለጠነ ሰው ራነር ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። እኛ ተጨማሪ ሰው እናምጣ ስንል እሺ ነው ያሉን፣ ብቻ ላይፍ ጃኬትና ማሰሪያ ቀበቶ ሚያመጡት እነሱ ስለሆኑ የሰዉን ቁጥርና ቁመና ቀደም ብላችሁ ላኩላቸው።