በእጅ የሚሽከረከር የቡና መፍጫ፦ ጅማ ለሚኖር ሰው ይጠቅማል?

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። ለብቻችሁ ወይም ለሁለት ለሦስት ሰው የምታፈሉ ከሆነ፣ የቡናው ጣዕም ላይም የምትጨነቁ ከሆነ፣ ግዙት። ቤታችሁ ቡና የሚፈላው ጎረቤት ተጠርቶ ረከቦት ሲቀርብ ብቻ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ፤ ሙቀጫችሁ ይበቃችኋል።

የማወራው ስለ ትንሿ፣ ባለ ብረት ጥርስ የእጅ መፍጫ ነው። አካሏ አሉሚኒየም ነው። ከላይ የሚሽከረከር እጀታ፣ ከታች ዱቄቱ የሚጠራቀምበት ኩባያ አላት። ውስጧ ሁለት ጥርሶች አሉ፤ አንዱ ቆሞ ሌላው ይዞራል፣ ቡናውም በመካከላቸው ሲያልፍ ይፈጫል። የእኔዋ ጥርስ ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር ሲሆን በአንድ ሙሌት ከ20 እስከ 25 ግራም ቡና ትይዛለች። የዚህ ዓይነት ትንንሾቹ መፍጫዎች አብዛኞቹ በዚሁ ልክ ናቸው።

«ኤሌክትሪኩ እያለ ለምን እጄን አደክማለሁ?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እዚህ ሱቆች ውስጥ በብዛት ያለው ርካሹ የኤሌክትሪክ መፍጫ ውስጡ ምላጭ ነው ያለው። ምላጭ ደግሞ ቡናን አይፈጭም፣ እየመታ ይሰባብራል። ከፊሉ ብናኝ ይሆናል፣ ከፊሉ ገና ክክ እንዳለ ይቀራል። ውሃ ሲያገኛቸው ብናኙ ቶሎ ብሎ መራራውን ሁሉ ይለቃል፣ ክኩ ግን ያለውን ሳይሰጥ ቡናው ተቀድቶ ያልቃል። አንድ ሲኒ ውስጥ ምሬትና ደስ የማይል ኮምጣጣነት አብረው የሚመጡት ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። ባለ ጥርሱ መፍጫ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ባለው ክፍተት ልክ ስለሚፈጭ ዱቄቱ ወጥ ይሆናል። ልዩነቱ በጀበናም ይታያል። ብናኙ ስለሚያንስ ቡናው ቶሎ ይሰክናል፣ ሲኒው ሥር የሚቀረው አተላም ይቀንሳል።

ሙቀጫን ከምላጩ ጋር አልደምረውም። የለመደ እጅ ዱቄቱን በጣቱ እየዳሰሰ፣ እያገላበጠ ሲወቅጥ ከምላጭ የተሻለ ወጥ ዱቄት ያወጣል። እናቴ እንደዚያ ትችላለች። ያ ግን የዕድሜ ልክ ልምድ ነው፤ የእጅ መፍጫዋ ያንን ወጥነት ለማንም ጀማሪ ትሰጣለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ምክንያቱም ይህቺን ዕቃ የምወዳት በዚህ ነው። ጅማ በቡና ነጋዴው ዓለም ስሟ የሚነሳው በአብዛኛው «ጅማ 5» በሚባለው ደረጃ ነው። ከነገለባው የደረቀ ቡና ነው፣ በብዛት የሚላክ፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ። ከዚህ የተነሳ ከሩቅ ያለ ሰው የጅማ ቡና ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስለዋል። እኛ መሐሉ ተቀምጠን እንኳ ብዙዎቻችን እንደዚያው ነው የምናስበው፤ ገበያ ሄደን «ቡና ስጠኝ» ብለን ገዝተን፣ ጠቆር አድርገን ቆልተን እንጠጣለን። በዙሪያችን ያሉት የጌራው፣ የጎማው፣ የማናው፣ የሊሙው ቡና እያንዳንዱ የየራሱ ጣዕም አለው። ያንን ለማወቅ ሦስት ነገር ብቻ ያስፈልጋል፦ ከየት እንደመጣ የታወቀ ቡና፣ ሳይጠቁር የተቆላ፣ ወጥ ሆኖ የተፈጨ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ጅማ ውስጥ በቀላሉ እናገኛለን። ሲጎድለን የነበረው ሦስተኛው ነው።

ከአጋሮ በኩል የመጣ የታጠበ ቡና (ገለባው ተፈልፍሎ በውሃ ታጥቦ የደረቀ) ቀላ ሲል አውርዳችሁ፣ አንድ ሁለት ቀን በተከደነ ዕቃ አቆይታችሁ፣ ፈጭታችሁ በወረቀት ማጥለያ ሞክሩት። ለእኔ መጀመሪያ የመጣው የሎሚ ዓይነት ንጹሕ ጣዕም ነው፤ ሲበርድ ጣፋጭነቱ ይወጣል። ከዚያው አካባቢ የመጣ፣ ከነገለባው በደንብ የደረቀ ቡና ደግሞ የበሰለ ፍራፍሬ ነው የሚሸተው፣ አፍ ውስጥም ወፈር ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አፍልቼ ለጓደኞቼ ስሰጣቸው አንድ ቦታ የበቀሉ ናቸው ብሎ ያመነኝ የለም።

ይህ ጨዋታ ጥልቅ ነው፣ መጨረሻም የለውም። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን ዝርያዎች ገበሬው በቁጥር ነው የሚጠራቸው፦ 74110፣ 74112፣ 74158። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ከገባ በኋላ በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎች ተፈልገው የተመረጡ ናቸው፤ ከፊት ያለው 74 ምርጫው የተደረገበትን 1974ን ነው የሚነግረን። ዛሬም በብዙ ማሳ ይገኛሉ። ዘመድ ወይም ወዳጅ ገበሬ ያላችሁ ሰዎች ከአንድ ዝርያ ብቻ የተለቀመ ጥቂት ኪሎ ለምኑ። አዲስ አበባ ያለ የቡና አፍቃሪ በብዙ ብር የማያገኘውን ነገር እኛ በአንድ ስልክ ማግኘት እንችላለን። ይህንን ዕድል ይዞ የትም የተፈጨ፣ በላስቲክ የከረመ ዱቄት መጠጣት በጣም ያሳዝነኛል።

በነገራችን ላይ፣ ዲግሪ የሚያሳይ ውድ ማንቆርቆሪያ ግዙ የሚሏችሁን እዚህ ከተማ አትስሟቸው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለማጥለያ ቡና የሚመከረውም ከ90 እስከ 96 ያለው ነው። ውሃው እንደፈላ አንስቶ ማፍሰስ ነው። በዚያ ብር ቡና ይገዛበታል።

ወደ ጉድለቷ ስንመጣ ዋናው መጠኗ ነው። የእንግዳ ጀበና ለመሙላት ደጋግማችሁ መጫን አለባችሁ፤ ክንድ ይዝላል፣ ጨዋታውም ይቋረጣል። እናቴ አንድ እሑድ አይታኝ «ልጄ፣ ሰው ቁጭ ብሎ አንተ እስክትፈጭ ይጠብቅ?» አለችኝና ሙቀጫውን አወጣች። ልክ ነበረች። የሙቀጫ ድምፅ ራሱ ለጎረቤት ጥሪ ነው፤ ጢሱን ማሽተቱ፣ ወቀጣውን መስማቱ፣ ከአቦል እስከ በረካ መቆየቱ አንድ ላይ ነው የሚሄዱት። መፍጫዋ ቦታዋ ጠዋት ነው፣ ሥራ ከመሄዳችሁ በፊት፣ ቤቱ ገና ተኝቶ እያለ።

እዚህ ላይ ተከራይ የሆናችሁ በደንብ ስሙኝ። በሌሊት ሙቀጫ መውቀጥ ከአከራይ ጋር ያጣላል፤ ይህቺ ግን ድምፅዋ ከበሩ አይወጣም። እኛ የራሳችን ቤት ከገባን በኋላ ወጥ ቤት መስኮቱ ሥር አንዲት መደርደሪያ አሠርቼ መፍጫዋን፣ ትንሿን ሚዛንና የቡና ማሰሮዎቹን አንድ ላይ አስቀመጥኩ። ግድግዳ ለመብሳት ማንንም ሳያስፈቅዱ እንዲህ ያለ የራስ ጥግ ማበጀት ትልቅ ደስታ አለው። መብራት ሲጠፋም ሥራዋን አታቆምም፤ ይህን ጅማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ማብራራት አያስፈልገኝም።

ቡናው ሳይጠቁር ከተቆላ ፍሬው ጠንካራ ስለሚሆን እጀታው ይከብዳል። ጠቆር ያለው በቀላሉ ይፈጫል፣ ግን ዘይቱ ጥርሱ ላይ ስለሚጣበቅ ቶሎ ቶሎ መጥረግ ያስፈልጋል። በደረቅ ብሩሽ ነው እንጂ በውሃ እንዳታጥቧት። የእኛ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ሊቆይ ይችላል፣ አየሩም እርጥብ ነው፤ እርጥበት የያዘ ብረት ደግሞ ይዝጋል። በበጋ ደረቅ ቀናት ዱቄቱ ከኩባያው ግድግዳ ጋር ከተጣበቀባችሁ ፍሬው ላይ አንዲት ጠብታ ውሃ ጣል አድርጋችሁ አነቃንቁት፣ ከዚያ ፍጩ።

ከሁሉም የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ጠጠር ነው። ከገበያ በጣሳ የምንገዛው ቡና ጠጠር አያጣም። ሙቀጫ ውስጥ የገባ ጠጠር ቢያንኮሻኩሽ ነው፤ እዚህ ከገባ ግን ጥርሱን ይሸርፈዋል፣ መለዋወጫው ደግሞ ጅማ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። ከመቁላታችሁ በፊት በሰፌድ አበጥሩ፣ በእጅ ልቀሙ። ኮረሪማም ሆነ ቅርንፉድ አታስገቡባት፤ ሽታው ከጥርሱ አይለቅም፣ የነገው ቡናም ያንኑ ይሸታል። ኮረሪማ የምትወዱ ለየብቻ ወቅጣችሁ ጨምሩ።

ስለ ዱቄቱ ልመት፦ የጥርሶቹን ክፍተት የሚያጠብበውንና የሚያሰፋውን ማስተካከያ ጥርሶቹ እስኪነካኩ ድረስ በቀስታ አጥብቁ። ያ ዜሮ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ጠቅ ጠቅ እያደረጋችሁ ቁጠሩ። ለጀበና ከስኳር ትንሽ የላመ ቢሆን ይስማማኛል፣ ለወረቀት ማጥለያ ስኳሩን የሚያክል። ቁጥሩ ከመፍጫ መፍጫ ስለሚለያይ የራሳችሁን አግኝታችሁ ማሰሮው ላይ ጻፉት።

ስለ መግዛቱ ደግሞ፣ እኔ የገዛሁባት ሱቅ ሻጩ ሥራው ላይ ሳይሆን መልኩ ላይ ነበር የሚያወራው፤ ብሩሹም ከካርቶኑ ውስጥ አልነበረም። ስትገዙ ካርቶኑን እዚያው አስከፍቱ። እጀታውን ነቅላችሁ የመሐሉን ዘንግ ወደ ጎን ወዝወዝ አድርጉት፣ በጣም የሚላወስ ከሆነ ዱቄቱ ወጥ አይሆንም፣ ተዉት። ጥርሱ ብረት መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ ባለ ሴራሚክ ጥርስ ርካሾቹ ዝግተኛ ናቸው፣ ሲወድቁም ይሰበራሉ። ዋጋው ከባለ ምላጩ የኤሌክትሪክ መፍጫ ከፍ ይላል። የሚቻል ከሆነ ትንሽ የተቆላ ቡና በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ ፈጭታችሁ ዱቄቱን ነጭ ወረቀት ላይ በትኑት። ክክና ብናኝ ተደባልቆ ካያችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።