ፖከር ላይ ኤስ ኤስ ሲመጣ በ3 ዶላር መግባት ይሻላል ወይስ በ15 ሬይዝ ማድረግ (ውርርዱን ከፍ ማድረግ)?

ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ ነው፣ ሁለት ኤስ ወይ ሁለት ኪንግ ሲመጣልኝ ስንት ልበል እያሉ። እዚህ የማወራው 1/3 ዶላር ኖ ሊሚት ሆልደም ላይ (ብላይንዱ፣ ማለትም ካርታ ሳይታይ በግዴታ የሚቀመጠው ብር፣ 1 እና 3 ዶላር የሆነበት ፖከር) 300 ዶላር ይዞ ለሚቀመጥ ሰው ነው፣ ህጉን ታውቁታላችሁ ብዬ አልፈዋለሁ።

እኔ ይሄን ነገር የተማርኩት ሜሪላንድ ካሲኖ ውስጥ በአንድ ርካሽ አገባብ ነው። ኤስ ኤስ መጥቶልኝ ሰው እንዳይሸሽብኝ ብዬ 3 ዶላር ብቻ አስቀምጬ ሊምፕ አደረግኩ (ሳልጨምር በትንሹ ገባሁ)፣ ከኋላዬ ያሉትም አይተው ገቡ፣ ቢግ ብላይንዱ (3 ዶላሩን በግዴታ ያስቀመጠው ሰው) ደግሞ አንድ ዶላር ሳይጨምር ፍሎፕ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት የጋራ ካርታዎች፣ አየ። 8-5-3 ወጣ፣ ሰውየው 8-5 ነበር የያዘው፣ ሁለት ፔር (ጥንድ) ሆነለት፣ እኔ ግን ኤስ ኤስ ይዤ እንዴት ልልቀቅ ብዬ እስከ ሪቨር፣ እስከ መጨረሻው ካርታ፣ ሄድኩና 280 ዶላር ጠፋ። 15 ብዬ ቢሆን ኖሮ 8-5 ይዞ ማን ይከተለኝ ነበር?

ዋጋውን እዩት። ማንኛውንም ካርታ ከያዘ አንድ ሰው ጋር ኤስ ኤስ 100 ጊዜ ቢጫወት ወደ 85 ያሸንፋል፣ ከሦስት ሰው ጋር ወደ 64 ይወርዳል፣ ከአምስት ጋር 49 አካባቢ ነው። ሊምፕ ስታደርጉ ይሄን ሁሉ ሰው በ3 ዶላር ነው የምትጋብዙት። ኤስ ኤስ ደግሞ በአማካይ በ221 እጅ አንዴ ነው የሚመጣው፣ ካሲኖ ውስጥ በሰዓት 30 እጅ ገደማ ስለሚታደል ከ7 ሰዓት በላይ ቁጭ ብላችሁ የጠበቃችሁት ነገር ማለት ነው፣ እሱን በ3 ዶላር መስጠት ያንገበግበኛል።

ትርፉም ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ስድስት ሰው በ3 ዶላር ገብቶ ፖቱ (መሃል የተጠራቀመው ብር) 18 ከሆነና ከዛ በኋላ አንድ ሰው ብቻ እየተከተላችሁ በየዙሩ የፖቱን ሁለት ሦስተኛ ብትመቱ፣ 12፣ 28፣ 65፣ በድምሩ ከሱ የምታገኙት 108 ገደማ ነው። አንድ ሊምፐር ኖሮ 18 ብላችሁ እሱ ብቻ ከተከተላችሁ ግን ፖቱ 40 ይሆናል፣ በዛው ስሌት 27፣ 63፣ 147፣ ድምሩ 255። ካርታው ያው፣ ሰውየውም ያው ነው።

ስለዚህ የኔ ምርጫ ግልፅ ነው፣ 15 ዶላር፣ ቀድሞ በገባ በእያንዳንዱ ሊምፐር ላይ 3 መጨመር። ሦስት ሰው ከገባ 24። ምክንያቱም ትንንሽ ፔር የያዘ ሰው፣ 5-5 በሉት፣ ፍሎፕ ላይ ሴት (ሦስት አንድ ዓይነት ካርታ) የሚያገኘው ከ8 ወይ 9 ጊዜ አንዴ ነው፣ ሁልጊዜም ስለማይከፈለው ከከፈለው 15 እስከ 20 እጥፍ የሚያህል ብር ፊት ለፊቱ መኖር አለበት ይባላል። በ3 ዶላር ከገባ 100 እጥፍ አለው፣ በ24 ከገባ ግን 12 እጥፍ ተኩል ብቻ፣ ያኔ ኪሳራው የሱ ነው። 6 ዶላር ሬይዝ ማድረግ እንደ ሊምፕ ነው፣ ማንንም አያስወጣም።

ኦል ኢን፣ ያለውን ሁሉ ማስገባትስ? 300 አስቀምጦ 4 ዶላር ብላይንድ መልቀም ነው። ኩዊን ኩዊን ይዞ እንዲህ የሚያደርግ ጓደኛ አለኝ፣ የሚከተሉት ባብዛኛው ኤስ ኤስና ኪንግ ኪንግ ናቸው፣ እነሱ ከመጡ ደግሞ ከ100 ወደ 19 ብቻ ነው የሚያሸንፈው።

ፎርጅድ እጆችን ግን ተጠንቀቁ። ኤስ ጃክ፣ ኤስ 10፣ ኪንግ ኩዊን ኦሪጅናል ይመስላሉ፣ ግን ኤስ ጃክ ይዛችሁ ኤስ ኪንግ ከገጠማችሁ ከአራት አንዴ ገደማ ነው የምታሸንፉት። ከናንተ በፊት ጥብቅ የሚጫወት ሰው ሬይዝ ካደረገ ጣሉት፣ እኔ በኤስ ጃክ ያጣሁት ብር በሌላ በምንም እጅ ካጣሁት ይበልጣል። ደሞ ለኤስ ኤስ 25 ለኤስ ኩዊን 12 የምትሉ ሰዎች ተዉት፣ ጠረጴዛው በአንድ ሰዓት ያነባችኋል፣ መጠኑ አንድ ይሁን።

ፍሎፑ ከተበላሸስ? ጃክ ጃክ ሲሆን ከጃክ የሚበልጥ ካርታ ፍሎፕ ላይ የሚወጣው 57 በመቶ ነው፣ ኪንግ ኪንግ ይዛችሁ ኤስ የሚወጣው ግን 23 በመቶ ብቻ፣ ስለዚህ በጃክ መደንገጥ የለም። አንድ ሰው ብቻ ከቀረ የፖቱን ግማሽ አንዴ እመታለሁ፣ ሬይዝ ከመጣብኝ እጥላለሁ፣ የወጣው 40 ቢሆን ነው፣ 280 አይደለም።

እኔ ሊምፕ የማደርገው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ ከኋላዬ ሰው ሊምፕ ባደረገ ቁጥር 20 የሚል ሰው ሲኖር። እሱ 20 ይላል፣ እኔ 70።