ከኮምቦልቻ ላሊበላ 127 ኪሎ ሜትር፦ ስለ አንድ የርቀት ማስያ አገልግሎት

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴን ለገና ላሊበላ ላደርሳት አስቤ፣ በሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለውን ርቀትና የበረራ ጊዜ አስልቶ የሚሰጥ አንድ የኢንተርኔት አገልግሎት ተጠቅሜ ነበር። ከዚያ ወዲህም ደጋግሜ ስለሞከርኩት፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሣ መንገደኛ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያየሁትን እጽፋለሁ።

ከኮምቦልቻ ላሊበላ ያለውን ስጠይቀው ርቀቱ 127 ኪሎ ሜትር፣ በረራው 40 ደቂቃ መሆኑን ነገረኝ። በርቀቱ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ የማረፊያዎቹን ኬክሮስና ኬንትሮስ ይዤ ራሴ ሳሰላውም ያው ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በወልድያና በጋሸና ዞሮ ከደሴ ላሊበላ ለመግባት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚነዳ ለሚያውቅ የወሎ ሰው፣ ይህ ቁጥር የተራሮቻችንን ነገር በደንብ ያሳያል።

የጊዜው ስሌት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አገልግሎቱ ርቀቱን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ለሚሆን ፍጥነት ያካፍልና ለመነሣትና ለማረፍ 30 ደቂቃ ይጨምርበታል። ይህ የጄት ፍጥነት ነው፤ ወደ ኮምቦልቻ የሚመላለሰው ኪው 400 ባለ ፕሮፔለር ስለሆነ፣ ከፍታውን ከያዘ በኋላ እንኳ ከ670 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ በአጭር መስመር ላይ ደግሞ አብዛኛው ጊዜ በመውጣትና በመውረድ ያልቃል። ያም ሆኖ ለኮምቦልቻና አዲስ አበባ መስመር፣ ማለትም ለ254 ኪሎ ሜትር፣ የሰጠኝ 49 ደቂቃ ከእውነቱ አልራቀም። በመስኮት በኩል ጎማው ከክንፉ ሥር ታጥፎ ወደ ሞተሩ ክፍል ሲገባ ሰዓቴን አይቼ ነበር፤ ያው ጎማ ቦሌን ሲነካ 43 ደቂቃ ሆኖታል። የፍጥነቱን ስሕተት የተጨመረው 30 ደቂቃ አካክሶታል ማለት ነው።

ዋናው ጉድለት ሌላ ነው። አገልግሎቱ በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል አውሮፕላን ይኑር አይኑር አይናገርም። ትኬት ልቆርጥ ስሄድ የቀረበልኝ ጉዞ በአዲስ አበባ በኩል ነበር፤ መጀመሪያ 254፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ተመልሶ 333፣ በድምሩ 587 ኪሎ ሜትር። ለእናቴ ብነግራት፣ «ልጄ፣ ላሊበላ እዚሁ ጎናችን አይደለም እንዴ? ሸዋ ድረስ ወርጄ ምን ላደርግ ነው?» አለችኝ፤ ልክ ነበረች።

በሁለቱም ጫፍ ያለው የመሬት ጉዞም አይቆጠርም። ከደሴ የሚነሣ ሰው ሐረጎን ተጠማዝዞ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ አለበት፤ ላሊበላ ሲደርስም ማረፊያው ሜዳው ላይ ስለሆነ ወደ ከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ዳገት ይጠብቀዋል። ጉልበቷን ለሚያማት እናት ከበረራው ይልቅ የሚከብዳት ይኸው ነው፤ በየቦታው መውረድ፣ መፈተሽ፣ ሻንጣ መጠበቅ፣ እንደገና መሳፈር።

ስለዚህ አገልግሎቱን ርቀት ለማወቅ ያለ ሥጋት እመክራለሁ፤ የጉዞ ዕቅድ ግን በእሱ ብቻ መነደፍ የለበትም። አዘጋጆቹ ከደቂቃው ቁጥር አጠገብ «ቀጥታ በረራ አለ» ወይም «የለም» የሚል አንድ መስመር ቢጨምሩ ትልቅ ውለታ ይሆናል። እኛ በመጨረሻ የሄድነው በመኪና ነው፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከደሴ ተነሥተን፣ ወልድያ ላይ ቁርስ በልተን፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ላሊበላ ገባን።