ስምንት ወር የለበስኩት ጂሌ፦ ነገሩ ሁሉ ብብቱ ላይ ነው

ይህን ጽሑፍ በሁለተኛው ወር ጽፌው ቢሆን ኖሮ ሙሉው ምስጋና ይሆን ነበር። ያኔ ይህን እጅጌ የሌለው ጂሌ ሸሚዝ ላይም፣ ሹራብ ላይም፣ ካፖርት ስርም እለብሰው ነበር። ቀላል ነው፣ በዳክዬ ላባ የተሞላ ነው፣ ዚፑ አንድ ቀን እንኳ አልነከሰም። ስለ ጥሩነቱ ይህ ይበቃል።

ያናደደኝ የክንዱ መግቢያ ነው። ከብብቴ አራት ጣት ወርዶ ነው የተቆረጠው። እጄን አውርጄ ስቆም ምንም አይታወቅም። ከመደርደሪያ ዕቃ ለማውረድ ስንጠራራ ግን ጎኑ አብሮ ይነሳና ወገቤ ይገለጣል። ንፋስ ሲመጣ ደግሞ በብብት ገብቶ ጀርባዬን ዞሮ ይወጣል። ላባ በራሱ እሳት አይደለም። የሚያሞቀው በመሃሉ ይዞ የሚያስቀረው አየር ነው። ያንን አየር ንፋስ ጠርጎ ከወሰደው ምን ቀረኝ?

ሻጩ «ሰፋ ያለው ከስር ሹራብ እንድትደርብበት ነው» ብሎኝ ነበር። አይደለም ወንድሜ! ለሹራብ የሚሰፋው ደረቱ ነው። መግቢያው ወደ ብብት ጠጋ ብሎ ሲቆረጥ ነው ክንድ እንደ ልብ የሚንቀሳቀሰው። ጥሩ ልብስ ሰፊ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

እኔ ደግሞ ይህን ልብስ የምወደው ከነታሪኩ ነው። ስሙ ከቱርክኛው «የለክ» ተነስቶ፣ በስፔን በኩል አልፎ ነው ፈረንሳይ ሲገባ ጂሌ የሆነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1666 ከኮት ስር የሚለበስ አዲስ ልብስ ማውጣቱን በዘመኑ የነበረው የመንግሥት ሹም ሳሙኤል ፒፕስ በዕለት ማስታወሻው ላይ መዝግቦታል። የዛሬው ሰደርያ የመጣው ከዚያ ነው። መጀመሪያ ረጅም ነበር፣ እጅጌ ያለውም ነበር። እያደር አጠረ፣ እጅጌውም ቀረ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች እጅጌ የሌለው የቆዳ ልብስ ይለብሱ ነበር፤ ደረታቸው ይሞቃል፣ ክንዳቸው ለሥራ ነጻ ነው። እጅጌ መቅረቱ ትርጉም የሚኖረው እንዲህ ሲሆን ነው። ክንዴን ባነሳሁ ቁጥር አብሮ የሚንጠለጠል ጂሌ ሠርተው «ለሁሉም ይሆናል» ሲሉኝ እንዴት አልናደድ?

በስድስተኛው ወር ልብስ ሰፊ ጋ ወሰድኩት። አገላብጣ አየችውና ጎኑን ቆርጣ ልታጠበው እንደማትችል ነገረችኝ፤ ከተቆረጠ ላባው ይፈሳል። በመግቢያው ጠርዝ ውስጥ ቀጭን ላስቲክ አስገባችልኝ። መርፌው በወጋበት በኩል አንዲት ነጭ ላባ ብቅ ስትል ከውጭ አልጎተተቻትም። ከውስጥ በኩል በሁለት ጣቷ ይዛ ቀስ አድርጋ መለሰቻት። ከውጭ ከተጎተተች ሌሎቹን አስከትላ ትመጣለች አለችኝ።

አሁን ንፋሱ ቀንሷል። ወገቤ መገለጡ ግን እንዳለ ነው፤ ላስቲክ ብብትን ወደ ላይ አያመጣም። ስለዚህ በመግዛቴ ቆጭቶኛል። ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ እዚያው ሱቁ ውስጥ ለብሳችሁ ሁለቱንም እጃችሁን ወደ ላይ ዘርጉ። ጫፉ ወገባችሁን ለቆ ከወጣ መልሳችሁ ስቀሉት። ሻጩ የፈለገውን ይበል።

የእኔን አልጥለውም። ካፖርት ስር ስለብሰው ንፋሱ መግቢያ ያጣል፣ ያኔ ሙቀቱን የሚስተካከል ልብስ የለኝም። ዛሬም ካፖርቴ ስር ነው ያለው።