ባለቀለም የምርጫ ዝርዝር፦ ጉግል ሺትስ ወይስ የኢንተርኔቱ ኤክሴል?

የእቁብ መዝገብ ያዝን እንበል። ከእያንዳንዱ ስም ጎን «ከፍሏል»፣ «ግማሽ»፣ «አልሰጠም» ከሚል ዝርዝር መምረጥ እንፈልጋለን። ቀለሙም አብሮ ይለወጥ።

ጉግል ሺትስ ላይ ሥራው የደቂቃ ነው። ሴሎቹን (የሰንጠረዡን ሳጥኖች) መርጠው ኢንሰርት ከሚለው ሜኑ ውስጥ ድሮፕዳውንን (የምርጫ ዝርዝሩን) ይጫኑ። በጎን በሚከፈተው ሰሌዳ ላይ ለእያንዳንዱ ቃል ቀለም መምረጫ አለ። በቃ፣ አለቀ።

ኤክሴል ግን ሁለቱን ለያይቶ ነው የያዘው። ዝርዝሩን ዳታ ቫሊዴሽን ይሠራል፣ ቀለሙን ደግሞ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ። ለሦስት ቃል ሦስት ሕግ («ቃሉ ይህ ከሆነ ቀለሙ ይህ ይሁን» የሚል) መጻፍ ይኖርብዎታል። እኛን የሚያደናቅፉን ደግሞ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ቃላቱን በአማርኛው ነጠላ ሰረዝ ከለዩ ኤክሴል ሁሉንም እንደ አንድ ምርጫ ይቆጥረዋል፤ የእንግሊዝኛውን ኮማ ይጠቀሙ። ሁለተኛ፣ በዝርዝሩ «አልሰጠም» ብለው በሕጉ «አልሠጠም» ከጻፉ ቀለሙ አይመጣም። ለእኛ ሰ እና ሠ አንድ ድምፅ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ፊደላት። ኮፒ ፔስት ማድረግ ይሻላል።

ሙሉ ረድፉ ይቅላ ካሉ የጉግል ብልጫ ይጠፋል። የድሮፕዳውኑ ቀለም ከሴሉ አይወጣም። ሁለቱም ጋ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ውስጥ ገብተው ፎርሙላ ይጽፋሉ፤ ረድፉ ሁሉ ያንኑ ዓምድ እንዲያይ ከዓምዱ ፊደል በፊት የዶላር ምልክቱን ($) እንዳይረሱ!

ለእቁቡ እኔ ጉግል ሺትስን እመርጣለሁ። የቢሮዎ ፋይል ኤክሴል ላይ ከሆነ ግን ለቀለም ብለው አያዛውሩት። ሕጎቹን አንዴ ከጻፉ በኋላ ሥራው ያው ነው።