ባለቲዩብ ፕሪአምፕሊፋየሬን ከሁለት ትራንዚስተር ፓወር አምፕሊፋየሮች ጋር ላስማሙልኝ ባለሙያ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

የሙዚቃ መሣሪያዎቼ ጉዳይ ለወራት ሲያስጨንቀኝ የነበረ መሆኑን የምታውቁ ወዳጆቼ መጨረሻው ምን እንደሆነ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ፣ ችግሩን የፈቱልኝን የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ በዚህ ጽሑፍ ላመሰግናቸውና ለሌሎችም ልጠቁማቸው ወደድኩ። ስማቸው በይፋ እንዲወጣ ስላልፈለጉ አልጠቅሰውም፤ በግል ለሚጠይቀኝ ሰው ግን እሳቸውን አስፈቅጄ በደስታ አገናኛለሁ።

ፕሪአምፕሊፋየሩ፣ ማለትም ድምፁን ወደ ፓወር አምፕሊፋየር ከመግባቱ በፊት የሚያዘጋጀው፣ በ12ኤዩ7 ቲዩብ (አየር በሌለው ብርጭቆ ውስጥ ያለ ማጉያ) የሚሠራ የቆየ መሣሪያ ሲሆን፣ የዘፋኝን ድምፅና የክራርን ክር የሚያሰማበት መንገድ ከልቤ የምወደው ነው። ስፒከሩን ከሚያንቀሳቅሰው ትራንዚስተር ፓወር አምፕሊፋየር ጋር ሳገናኘው ግን ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ሳሳ፤ ለስፒከሮቹ የታችኛው ክፍል ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ፓወር አምፕሊፋየር ስጨምርበት ደግሞ ይጠነክራል ብዬ የጠበቅሁት ቤዝ ጭራሽ ጠፋ። በመጀመሪያ ያሳየሁት ጠጋኝ ቲዩቦቹ ደክመዋል ብሎ ሁለት ጊዜ አስቀየረኝ፤ ለውጥ ግን አልመጣም። ሌላ ሰው ደግሞ ቲዩብና ትራንዚስተር በባሕርያቸው አይስማሙምና ፕሪአምፑን ሽጠው ብሎ መከረኝ።

እኚህ ባለሙያ ብሎን መፍታቻ ከማንሳታቸው በፊት የጠየቁኝ የፓወር አምፕሊፋየሮቹን መመሪያ ነበር። የእያንዳንዳቸው የመግቢያ ኢምፒዳንስ (ለሚገባው ምልክት የሚያሳዩት ተቃውሞ) 10 ሺህ ኦም መሆኑን ካነበቡ በኋላ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲያያዙ ፕሪአምፑ የሚያየው ጭነት 5 ሺህ ኦም ብቻ እንደሚሆን፣ ኦሙ ባነሰ ቁጥርም ጭነቱ እንደሚከብድ ነገሩኝ። ከዚያም ፕሪአምፑን ከኤሌክትሪክ ነቅለው፣ በፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹ ክፍሎች) ውስጥ የቀረውን ከ250 ቮልት በላይ የሆነ ኃይል በሬዚስተር በኩል ቀስ ብለው አወረዱት፤ የቮልት መለኪያው ዜሮ እስኪያሳይም ጣታቸውን ወደ ውስጥ አላስገቡም። ይህን ጥንቃቄ ስመለከት መሣሪያዬን ለትክክለኛ ሰው እንደሰጠሁ ተሰማኝ።

ለክተው ያገኙት ነገር ግልጽ ነበር። የፕሪአምፑ መውጫ በቀጥታ ከቲዩቡ አኖድ (የጎላው ምልክት ከሚወጣበት ጫፍ) የሚነሳ በመሆኑ የራሱ ኢምፒዳንስ 6500 ኦም ገደማ ነው። ተቀባዩ መሣሪያ ከዚህ ቢያንስ 10 እጥፍ ቢኖረው ይመረጣል፤ የእኔዎቹ ግን ጎን ለጎን ተያይዘው እሱንም አያህሉም ነበር። ከዚህ የባሰው ደግሞ መውጫው ላይ ያለው 0.22 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ነው። ፕሪአምፑ ሲሠራ የታሰበለት 100 ሺህ ኦም መግቢያ ላለው ባለቲዩብ አምፕሊፋየር ስለነበር፣ በዚያ ጭነት ይህ ካፓሲተር የታችኛውን ድምፅ መቁረጥ የሚጀምረው 7 ኸርዝ አካባቢ፣ ማለትም ጆሮ ከሚሰማው በታች ነው። በእኔ ሁለት አምፕሊፋየሮች ላይ ግን መቁረጫው ወደ 63 ኸርዝ ወጥቶ ነበር። የቤዝ ጊታር የመጨረሻው ወፍራም ክር 41 ኸርዝ ገደማ መሆኑን አስታውሰው፣ በዚያው ፍጥነት የሚርገበገብ ሞገድ አስገብተው በኦሲሎስኮፕ (ሞገድን በስክሪን በሚያሳይ መሣሪያ) አሳዩኝ፤ በ1000 ኸርዝ ከነበረው ቁመት ከግማሹ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቆመ። ለወራት ሲሰማኝ የነበረውን ነገር በዓይኔ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ካፓሲተሩን በትልቅ ብቻ ለውጦ ገንዘብ መቀበል ይቻል ነበር። እሳቸው ግን ቤዙ ቢመለስም ቲዩቡ በከባድ ጭነት እየለፋ ድምፅ ማዛባቱ እንደማይቀር አስረድተው፣ አንድ 12ኤዩ7 በካቶድ ፎሎወር መልክ፣ ማለትም ድምፁን ሳያጎላ ከባዱን ጭነት እንዲሸከም አድርገው፣ ጨመሩልኝ። በአንዱ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ትራዮድ (ለየብቻው የሚሠራ የቲዩብ ክፍል) ስላለ አንዱ ለግራ፣ ሌላው ለቀኝ ሆነ። ለዚህም አስቀድመው ትራንስፎርመሩ ለማሞቂያው ክር የሚያስፈልገውን ተጨማሪ 0.3 አምፔር በ6.3 ቮልት መሸከም መቻሉን አረጋገጡ። አሁን የመውጫው ኢምፒዳንስ 500 ኦም አካባቢ ሲሆን፣ በአዲሱ 4.7 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር መቁረጫው ወደ 6 ኸርዝ ወርዷል።

እኔ ያልጠየቅኋቸውንም ሁለት ነገሮች አስተካከሉ። የድምፅ መቆጣጠሪያውን ገና ስነካው ቤቱ ይሞላ ስለነበር፣ በሁለቱ ቲዩቦች መካከል ሬዚስተሮች አስገብተው ጉልበቱን በ12 ዴሲቤል ዝቅ አደረጉት፤ በዚሁ የመጀመሪያው ቲዩብ ሹክሹክታም አብሮ ቀነሰ። ሁለተኛው፣ በእኔ አስተያየት ከሁሉም የሚበልጠው፣ መሣሪያው ሲከፈት መውጫውን ለ45 ሰከንድ ዘግቶ የሚያቆይ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ነው። ቲዩብ እየሞቀ ሳለ መውጫው ላይ የሚፈጠረው የቮልቴጅ ዝላይ ወደ ትራንዚስተር አምፕሊፋየር ቢገባ ተባዝቶ ስፒከር ሊጎዳ ስለሚችል ነው። ያም ሆኖ ስከፍት ፕሪአምፑን አስቀድሜ፣ ስዘጋ ደግሞ ፓወር አምፕሊፋየሮቹን አስቀድሜ እንድዘጋ አደራ ብለውኛል፤ እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ።

መሣሪያውን በተረከብኩበት ምሽት አንድ የማውቀውን ዘፈን ከፈትኩ። ቤዝ ጊታሩ ወደ ታች ሲወርድ አብሮት የሚወርደው ድምፅ በሙሉ አካሉ መጣ፤ ዘፋኟ ግን ድሮ የምወድላትን ለዛ አንድም አላጣችም። በእውነት ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

እጅዎ ይባረክ፣ ጋሼ። ተመሳሳይ ችግር ገጥሟችሁ ወደ እሳቸው የምትሄዱ ሁሉ የፕሪአምፑን ብቻ ሳይሆን የፓወር አምፕሊፋየሮቻችሁንም መመሪያ፣ የምትጠቀሙበትንም ገመድ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሁሉንም አንድ ላይ ሳያዩ ሥራ አይጀምሩም። የእኔን ሲያስረክቡኝ የተለወጠውን ሰርኪዩት በእጃቸው ስለው፣ በየነጥቡ የለኩትን ቮልት ጽፈው፣ ወረቀቱን ከክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፈውልኛል፤ ከእሳቸው በኋላ የሚከፍተው ጠጋኝ እንዳይቸገር ብለው ነው።